የቀን ጉዞ ቦርሳ አመራረጥ፦ ከስፌቱ እስከ ኪሱ

ሰሜን ተራሮች ላይ ለአራት ለአምስት ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ድንኳኑን፣ የመኝታ ልብሱንና ስንቁን በቅሎ ትሸከምለታለች። ባሌ ላይ ፈረስ አለ። ሰውየው ጀርባ ላይ የምትቀረው ትንሿ ቦርሳ ብቻ ናት። እሁድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ ወይም ወደ የረር የሚወጣውም የሚያዝለው እሷኑ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ሃይኪንግ ለሚወድ ሰው ዋናው ቦርሳ ትልቁ አይደለም፣ የቀን ጉዞው ነው። ብር የምታወጡ ከሆነ እዚህ ላይ አውጡ።

አብዛኞቻችን ቦርሳ የምንገዛው ቀለሙንና ላዩ ላይ የተሰፋውን ስም አይተን ነው። ቦርሳ ግን የሚሞተው በታወቀ ቦታ ነው። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተሰፋበት ይለቃል፣ ዚፑ እንቢ ይላል፣ መቀመጫው ይሳሳል። ሦስቱንም ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መመርመር ትችላላችሁ። ኪሶቹ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሲታዩ ሁሉም ያምራሉ፤ የሚለዩት ቦርሳው ጀርባ ላይ ሲወጣ ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሄዳችሁበት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው።

1. መጀመሪያ ዕቃችሁን አልጋ ላይ ዘርጉ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሙሉ ቀን የምትይዙትን ሁሉ አውጡት። ሁለት ሊትር ውሃ። ምሳ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካን። የዝናብ ልብስ። ሹራብ ወይም ጃኬት። ኮፍያ። ስልክና ፓወር ባንክ። የእጅ ባትሪ። ፕላስተር፣ ፋሻና የራስ ምታት ክኒን። ሶፍት። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ የምትመለሱበት ፌስታል።

«ፀሐይ ነው» ብላችሁ ሹራቡን እንዳትተዉት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ደባርቅ ከተማ በሸሚዝ የዋለ ሰው 3,900 ሜትር ያለፈው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ሲቆም ነፋሱም ስለሚጨመርበት ጃኬቱን ይፈልጋል። ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጃኬት ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ቦታ ይበላል፤ ቦርሳ ስትመርጡ ሰፊውን ቦታ የሚወስደው እሱ መሆኑን አስቡ።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮበት አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ኪሎ ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሱቅ ውስጥ ትፈልጉታላችሁ።

2. ሊትሩን ወስኑ

የቦርሳ መጠን የሚለካው በሊትር ነው። ብዙ ጊዜ ከውስጥ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለግማሽ ቀን፣ እንጦጦ ወጥቶ ለመመለስ፣ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃል። ለሙሉ ቀን ከ22 እስከ 28 ነው ጥሩው። ካሜራ የሚይዝ ወይም የልጁን ዕቃ ጨምሮ የሚሸከም ሰው 30 ቢል አያጣላም።

ከዚያ በላይ አትሂዱ። ትልቅ ቦርሳ የያዘ ሰው ቦታ ስላገኘ ብቻ ይሞላዋል። ባይሞላውም ዕቃው ውስጥ ውስጡን ይንከባለላል፤ ቁልቁለት ላይ ጀርባን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። አንድ ቦርሳ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 25 ሊትር አካባቢ ያለውን ያዙ።

3. ጨርቁን በስሙ ሳይሆን በእጃችሁ እዩት

ቦርሳዎች ላይ 210፣ 420፣ 600፣ 1000 የሚል ቁጥር «ዲ» ከምትል ፊደል ጋር ታያላችሁ። ዴኒየር ማለት ነው፤ የክሩን ውፍረት ይነግራል። 9,000 ሜትር ክር ሲመዘን 420 ግራም ከሆነ ጨርቁ 420 ዴኒየር ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፣ ክብደቱም ይጨምራል።

ክሩ ናይለን ነው ወይስ ፖሊስተር? ይህም ለውጥ አለው። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ናይለን መፋተግን የተሻለ ይችላል። ፖሊስተር ደግሞ ለፀሐይ ይበረታል፣ ዋጋውም ይቀላል። ፀሐዩ ተራራችን ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ጨርቅ የሚያደክመው ጨረር 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ቦርሳውን ቤት መስኮት ሥር ሰቅሎ መተው መጥፎ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደ እኔ ለቀን ጉዞ 420 ናይለን ወይም 600 ፖሊስተር ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ገላው ከዚህ ቢሳሳም መቀመጫው ወፍራም ከሆነ ይሆናል። ቦርሳ ቁጭ የሚለው ድንጋይ ላይ ነው፣ ተጎትቶ የሚነሳውም ከድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ መቀመጫውን በሁለት ጣት ይዛችሁ እሹት። ከጎኑ ጨርቅ ጋር እኩል ከሳሳ ወይም አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። ላዩ ላይ ጥቃቅን አራት ማዕዘን መስመር ያለው ጨርቅ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። መስመሮቹ ወፈር ያሉ ክሮች ናቸው፤ እሾህ ቢበሳው ቀዳዳው እየሰፋ እንዳይሄድ ያቆሙታል። በቀጋና በአጋም መሃል ለምንሄድ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ሙከራ ደግሞ አለች። የስልካችሁን መብራት አብሩና ቦርሳው ውስጥ ክተቱት። ዚፑን ዝጉና ከውጭ ተመልከቱ። በስፌቱ መስመር ላይ ትልልቅ የብርሃን ነጠብጣቦች ከታዩ ክሩ ላልቷል ወይም መርፌው ጨርቁን ጎድቶታል። በዚያ በኩል ውሃም ይገባል፣ ስፌቱም መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው።

4. ገልብጡትና ስፌቱን መርምሩ

ሻጩን አስፈቅዱና ቦርሳውን እንደ ካልሲ ገልብጡት። የቦርሳው እውነት ያለው ውስጡ ነው።

የጨርቁ ጠርዝ ክር ክር እያለ የተተወ ነው ወይስ በጠባብ ጥብጣብ ተቀምቅሟል? ያልተቀመቀመ ጠርዝ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየተፈታ አንድ ቀን ስፌቱ ጋ ይደርሳል። የሚደርስበት ቀን ደግሞ ቦርሳው የሞላበት ቀን ነው። ገበር ኖሮት ውስጡ የማይታይ ከሆነ ጠርዙን በገበሩ ላይ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ወፈር ያለ መስመር ከተሰማችሁ ተቀምቅሟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማንገቻው ሥር ኑ። ማንገቻው ከላይ ወደ ጀርባው የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ርካሽ ቦርሳ ላይ አንድ የስፌት መስመር ብቻ ያልፍበታል። ደህና ቦርሳ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ታያላችሁ፣ ወይም በአራት ማዕዘን መሃል «X» የሚመስል መስቀለኛ ስፌት አለበት፣ ወይም መርፌው እዚያው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሠራው ጥቅጥቅ ያለ አጭር መስመር ይኖራል። አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ስፌት ቢኖር መልካም ነው። ከዚያ በጣም የራቀ ይላላል። በጣም የተጠጋጋም አይረባም፤ መርፌው ጨርቁን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳውና በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ከዚያ ፈትኑት። አንድ እጃችሁን ውስጥ አስገብታችሁ የጀርባውን ጨርቅ ያዙ። በሌላው ማንገቻውን ወደ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። እየሳባችሁ ስፌቱን በቅርብ ተመልከቱት። የመርፌው ቀዳዳዎች አፋቸውን ከከፈቱና ክሩ ብቻውን ተወጥሮ ከታየ አስቀምጡትና ሌላ ጠይቁ። ጨርቁና ክሩ አብረው ከተወጠሩ ጥሩ ነው።

ከታችም እንዲሁ። የማንገቻው የታችኛው ጫፍ ከቦርሳው ጥግ ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ በኩል ነው። ይህች ቁራጭ ጎትታችሁ በጠበቃችሁ ቁጥር ጫና ታገኛለች። ማሰሪያው ያለ እሷ ቀጥታ ስፌቱ ውስጥ ከገባ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ የላይኛውን እጀታ እዩ። ከመኪና ላይ ሲወርድ፣ ከመሬት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚይዘው እሱን ነው፤ ሆኖም ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚቆጥቡት እሱ ላይ ነው።

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ ብቻ የደከመ ቦርሳ በጥሩ ዋጋ ብታገኙስ? ግዙት። ግን ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት። «ማንገቻው ሥር ከውስጥ ጨርቅ ደርበህ በወፍራም ክር በመስቀለኛ ስፋልኝ» በሉት። ከተቀደደ በኋላ ከማሰፋት ይህ በጣም ይሻላል፤ ጨርቁ ገና ስላልተጎዳ ስፌቱ የሚይዘው ነገር አለው።

5. ዚፑን በአንድ እጅ ክፈቱ፣ በአንድ እጅ ዝጉ

የዚፑን ተንሸራታች ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ብዙ ጊዜ ቁጥር አለበት፦ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10። ቁጥሩ ሲዘጋ የጥርሶቹ ስፋት በሚሊሜትር ስንት አካባቢ እንደሆነ ይጠቁማል። ለዋናው ክፍል 8 ወይም 10 ፈልጉ። ለትንንሽ ኪሶች 5 ይበቃል። ዋናው ክፍል ላይ 5 ካያችሁ ሲሞላ ይቸገራል። 3 ከሆነ ለውስጥ ኪስ ነው እንጂ ለሌላ አይሆንም።

«ዋይ ኬ ኬ» የሚል ካለበት ጥሩ ምልክት ነው። በ1934 የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ የተራራ ቦርሳ ሠሪዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የእሱን ዚፕ ነው። ስሙ ግን በሐሰትም ይታተማል። ስለዚህ ጽሑፉን አይታችሁ አትቁሙ፣ ዚፑን አሠሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦርሳውን ግማሽ ድረስ ሙሉት፤ ጃኬታችሁም ቢሆን ይሆናል። በአንድ እጅ ብቻ ክፈቱት፣ በአንድ እጅ ብቻ ዝጉት። ቀጥ ባለው ቦታ ሁሉም ዚፕ ይሄዳል። እናንተ የምትመለከቱት መዞሪያው ላይ፣ ጥጉ ላይ ነው። መዞሪያው ጠባብ ከሆነ ተንሸራታቹ እዚያ ሲደርስ ይንገዳገዳል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ሁለተኛ እጅ ይጠይቃል። ዚፑ ገና አዲስ ሆኖ እንዲህ ካደረገ አቧራ ሲገባበት አይዘጋም። መዞሪያው ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ምረጡ።

ሁለት ተንሸራታች ያለው ከአንድ ተንሸራታች ካለው ይበልጣል። ከግራም ከቀኝም መክፈት ትችላላችሁ። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ሌላው ቤታችሁ ያደርሳችኋል።

ሌላው ዝናብ እንዳይገባ ዚፑ ላይ የሚደረበው ጨርቅ ነው። ጠንከር ብሎ የቆመ ካልሆነ ጥርሱ ውስጥ እየገባ ይነከሳል። አሥር ጊዜ ያህል ከፍታችሁ ዝጉት። አንድ ጊዜ እንኳ ከነከሰው መንገድ ላይ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ስትቸኩሉ ይነክሰዋል። መጎተቻውም ትንሽ ብረት ብቻ ከሆነ በብርድ የደነዘዘ ጣት አይይዘውም። ገመድ ያለው ይሻላል። ከሌለው ራሳችሁ የጫማ ክር ቁራጭ ብታስሩበት ያው ነው።

6. አከፋፈቱን ምረጡ

ከላይ በገመድ ተሰብስቦ በክዳን የሚዘጋው ቦርሳ በጣም ይቆያል፤ ዋናው ክፍል ላይ የሚበላሽ ዚፕ የለበትማ። ችግሩ ታች ያለ ዕቃ ሲፈለግ ነው፤ ሁሉንም ሳር ላይ ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ከላይ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ዝናብን ያቆማል፣ ግን ለመክፈት ጊዜ ይወስዳል። እንደ ሻንጣ እስከ ታች የሚከፈተው ለአውሮፕላን ጉዞ ያምራል። ተዳፋት ላይ ስትከፍቱት ግን ብርቱካኑ ተንከባሎ ገደል ይገባል።

እኔ ለቀን ጉዞ የምመክረው ከላይ ጀምሮ በሁለቱ ጎን እስከ ቁመቱ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ድረስ የሚከፈተውን ነው። ቦርሳው እንደቆመ ውስጡን ታያላችሁ፣ የሚወድቅም ነገር የለም። ዚፑም መቀመጫው አጠገብ ስለማይደርስ ጭቃና አሸዋ አይነካውም።

7. ኪሶቹን አዝላችሁ ሞክሯቸው

አሁን ቦርሳውን ሙሉትና አዝሉት። ከዚህ በኋላ አታውርዱት። አዝላችሁ የማትደርሱበት ኪስ መጋዘን ነው። መጋዘንም ያስፈልጋል፣ ግን ውሃና ስልክ መጋዘን ውስጥ አይቀመጡም።

የጎን ኪስ። ሱቁ አጠገብ ካለው ኪዮስክ አንድ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ገዝታችሁ ኑ። ጎኑ ላይ ክተቱት። ቦርሳውን እንዳዘላችሁ አውጡት። ይህ ቀላሉ ነው። አሁን መልሳችሁ ክተቱት። ብዙ ቦርሳ የሚወድቀው እዚህ ነው። የኪሱ አፍ ከፍ ያለና ቀጥ ያለ ከሆነ እጅ ወደ ኋላ ታጥፎ አይደርስም፤ ጓደኛ መጥራት ሊኖርባችሁ ነው። አፉ ወደ ፊት ዘመም ብሎ የተቆረጠ ከሆነ በቀላሉ ይገባል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ የቦርሳው ሆድ ሙሉ ይሁን። ባዶ ሲሆን ሰፊ የነበረው የጎን ኪስ ሆዱ ሲሞላ ይጨመቃል፣ ጠርሙሱ አልገባ ይላል። ጠርሙስ ሲገባበት ወደ ውጭ የሚዘረጋ የራሱ እጥፋት ያለው ኪስ ከዚህ ጣጣ ያድናል። ከዚያም ጎንበስ በሉ፣ ጫማችሁን እንደምታስሩ። ጠርሙሱ ከወደቀ ኪሱ አጥሯል ወይም ላስቲኩ ልል ነው።

የጎን ኪስ ከምን ተሠራ የሚለውም አለ። ስስ መረብ ሲታይ ቀላልና ያማረ ነው። አንድ የግራር ቅርንጫፍ ግን ይበቃዋል። ከታች በኩል ጠንካራ ጨርቅ፣ ከላይ ብቻ የሚለጠጥ የሆነው ይበልጣል። ወይም ሙሉውን የሚለጠጥ ወፍራም ጨርቅ ይሁን።

የወገብ ኪስ። በቀበቶው ላይ የምትሰፋ ትንሽ ኪስ ናት፤ በትንንሽ ቦርሳዎች ላይ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ካለች የራሳችሁን ስልክ አውጡና ክተቱባት። ስልኮች ትልልቅ ሆነዋል፤ ኪሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልተለወጠችም። ስልክ ካልገባባት ለቆሎ ትሆናለች። እየሄዱ መቆርጠም የሚወድ ሰው ይህችን ኪስ ካገኘ አይለያትም። ቀበቶው ኪስ ከሌለው ማንገቻው ላይ ደረት አጠገብ ኪስ መኖሩን እዩ፤ እሱም ያገለግላል።

የፊት ኪስ። ውጭ በኩል ያለ ዚፕ የሚለጠጥ ትልቅ ኪስ ነው። ቦታው የዝናብ ልብስ ነው። ሲያካፋ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሲያባራ እርጥቡን እዚያው ትከቱታላችሁ፣ ውስጥ ያለው ሹራብ አይረጥብም። ክረምት ላይ ለምትጓዙ ከሁሉም ኪስ ይህን አስቀድሙ። ከሥሩ ውሃ የሚወጣባት ቀዳዳ ብትኖረው ደግሞ ተሟላ።

የላይኛው ኪስ። መነጽር፣ ሶፍት፣ ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪ። ውስጡ የቁልፍ ማንጠልጠያ ካለ የቤት ቁልፍ እዚያ ይታሰር። ብርና መታወቂያ ግን ወደ ጀርባችሁ በኩል ባለ የውስጥ ኪስ ይሁኑ። ታክሲ ተራ ላይ ሰው ሲጨናነቅ የላይኛው ኪስ ለሌባም ይመቻል።

የውስጥ ኪስ። ጀርባው በኩል ያለችው ሰፊ ክፍል ቱቦ ላለው የውሃ ከረጢት የተሠራች ናት። ከረጢቱን ባትጠቀሙም አትናቋት። ለስላሳ ሹራብ አጥፋችሁ ብትከቱባት ጠርሙስና ፓወር ባንክ ጀርባችሁን አይወጋም።

ኪስ ሲበዛ ጥሩ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ዚፕ አንድ የሚበላሽ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ኪስም «የት ነው ያደረግኩት?» የሚባልበት ቦታ ነው። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ፕላስተርና ፋሻው ሁልጊዜ በአንድ ኪስ ይሁን፤ አብሯችሁ ለሚሄደውም ሰው የትኛው እንደሆነ ንገሩት።

8. ስድስት ኪሎ ጭናችሁ ደረጃ ውጡ

ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ሻጩን ለምኑና የውሃ እሽግ ጫኑበት። ስድስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ስድስት ኪሎ ነው። አልጋ ላይ ያወጣችሁት ዕቃ የሚመዝነውም ይህንኑ ያህል ነው።

የአለባበሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላሉ። አዝሉት። የወገብ ቀበቶውን ከዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ቆልፉ፤ ሆድ ላይ አይደለም። ከዚያ ማንገቻዎቹን ወደ ታች ሳቡ። መጨረሻ ላይ የደረት ማሰሪያውን ቆልፉ፣ ግን ትንፋሽ እስኪያሳጣችሁ አይደለም። ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ሲወርድ ይሰማችኋል። ቀጭን ጥብጣብ ብቻ የሆነ ቀበቶ ይህን አያደርግም፤ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ለአራት ኪሎ ይበቃል። ለሰባት ኪሎ ስፖንጅ ያለው ይሁን።

የጀርባችሁን ቁመት ሰው ይለካላችሁ። አንገታችሁን ስታቀረቅሩ ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ነው። ብዙ ጥሩ ቦርሳዎች በዚህ ልክ ትንሽና ትልቅ ተብለው ይሠራሉ። ለሴቶች የተሠሩት ጀርባቸው አጠር፣ ማንገቻቸው ጠበብ ብሎ ለደረት የሚመች ቅርጽ አለው። ቁመቱ አጠር ያለ ወንድም ቢሞክራቸው ይጠቀማል።

ከዚያ ደረጃ ካለ ውጡ ውረዱ። ማንገቻው አንገት ሥር ከቆረቆረ፣ ክንድ ሥር ከፈተገ፣ ጭንቅላታችሁን ቀና ስታደርጉ ቦርሳው ከነካችሁ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የቆረቆረ ነገር ዝቋላ ዳገት ላይ ቁስል ይሆናል።

9. ዝናቡን በላስቲክ ያዙት

«ውሃ አያስገባም» የሚል ጽሑፍ ላይ አትመኩ። ጨርቁ ባያስገባ ስፌቱ ያስገባል። የዝናብ ሽፋን ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ቦርሳዎች ከሥራቸው በትንሽ ኪስ ይዘውት ይመጣሉ። ግን ነፋስ ይገለብጠዋል፣ ጀርባ በኩል ደግሞ ክፍት ስለሆነ ውሃ በዚያ ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ለምትጓዙ ዋናው መከላከያ ውስጥ የሚገባ ወፍራም ትልቅ ላስቲክ ነው። ዕቃውን ሁሉ እሱ ውስጥ ክተቱና አፉን ጠቅልሉ። ሽፋኑ ቢኖርም ባይኖርም ሹራባችሁ ደረቅ ይሆናል።

10. አዲስ፣ ሰልቫጅ ወይስ ከውጭ?

መርካቶ አዲስ ቦርሳ ስትገዙ ስም አትመኑ። የታዋቂ ድርጅት ምልክት ተሰፍቶበት የሚሸጠው ሁሉ የድርጅቱ አይደለም። ከላይ ያሉትን ሙከራዎች ካለፈ ግን ስሙ ማንም ቢሆን ግዙት።

ሰልቫጅ ውስጥ በጣም ጥሩ የተራራ ቦርሳ ይገኛል። ጨርቁና ስፌቱ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ይበልጣል። እዚያ ሦስት ነገር እዩ። መዳፋችሁን ከውስጥ ጨርቁ ላይ ለጥፉና አንሱ፤ ከተጣበቀባችሁና ከሸተታችሁ ውሃ የሚከላከለው ቅብ በእርጥበትና በሙቀት ፈርሷል፣ አይመለስም። እንደ ፎረፎር ብቻ የሚራገፍ ከሆነና ሌላው ደህና ከሆነ ግን ጠርጋችሁ ላስቲክ እያስገባችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ የማንገቻውን ስፖንጅ ጨብጡና ልቀቁ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ሦስተኛ፣ የፕላስቲክ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆልፋችሁ ጎትቱ። ሲቆለፉ «ጠቅ» ማለት አለባቸው። ነጣ ብለው ጭረት የመሰለ መስመር ካለባቸው ፀሐይ በልቷቸዋል፣ በቅርቡ ይሰበራሉ።

ዲሲ ወይም ዱባይ ያለች እህት «ምን ላምጣልህ?» ካለች ስም ብቻ አትላኩላት። እንዲህ ብላችሁ ጻፉላት፦ 25 ሊትር፣ የጀርባ ቁመት ይህን ያህል ሴንቲሜትር፣ ስፖንጅ ያለው የወገብ ቀበቶ፣ የሚለጠጥ የፊት ኪስ፣ አንድ ሊትር ጠርሙስ የሚይዝ የጎን ኪስ፣ ዚፑ ባለ ሁለት ተንሸራታች። እሷም ሻንጣ ውስጥ ቦታ አታባክንም፤ ዕቃ ሞልታበት እንደ እጅ ቦርሳ አዝላው ትመጣለች።

11. ከጉዞ ስትመለሱ

ኪሶቹን ሁሉ ገልብጡና አራግፉ። የብርቱካን ልጣጭ ሳምንት ከቆየ አይጥም ይጠራል። ጭቃውን አድርቃችሁ በብሩሽ ጥረጉት፣ በተለይ የዚፑን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። መታጠብ ካስፈለገው በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ ይታጠብ። በረኪና አይነካው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አይግባ። ጥላ ሥር ተዘቅዝቆ ይድረቅ። እርጥብ እንደሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ የገባ ቦርሳ ይሻግታል፣ ቅቡም ቀድሞ ይፈርሳል።

ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ጥርሱ አልቋል ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ። ብዙ ጊዜ የደከመው ተንሸራታቹ ነው፤ ሲሠራ አፉ ይሰፋል፣ ጥርሶቹን አጥብቆ አያገናኝም። ተንሸራታቹን ወደ መነሻው መልሱት። በፒንሳ ግራና ቀኝ ጎኑን በጣም በቀስታ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ጫን በሉት፤ በኃይል ከተጫነ ይሰበራል። ዝጉና ሞክሩ። ካልያዘ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ተንሸራታቹን ብቻ አስቀይሩ። ጥርሶቹ ደህና ከሆኑ ሙሉውን ዚፕ መፍታት አያስፈልግም።